ወይንእሸትና የማይበስለው ፓስታ

ቢቸና መናኸሪያ የወረደ መንገደኛ ርቦት «ፓስታ የት ይገኛል?» ብሎ ቢጠይቅ የሚጠቆመው ወደ ወይንእሸት ቤት ነው። ቤቷ ጠባብ ናት፤ ጠረጴዛዎቹ ተጠጋግተዋል፣ ወንበሮቹም ከየቦታው የተለቃቀሙ ናቸው። ከደጀን በኩል ሰው ጭነው የሚመጡ ሾፌሮች ግን ከሌላው ሁሉ እሷን ይመርጣሉ። ሞተር ሳያጠፉ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው «ወይንዬ፣ አንድ በሥጋ፣ አንድ በጾም!» ይሏታል። ወርደው እጃቸውን እስኪታጠቡ ሳህኑ ቀርቦ ይጠብቃቸዋል።

ወይንእሸት ፓስታ ስትቀቅል ሰዓት አታይም፣ አትቀምስምም። ውሃው እንደ ሩዝ ውሃ ሲነጣ፣ አረፋው ወፍሮ ክዳኑን መግፋት ሲጀምር፣ ያን ጊዜ ታወርደዋለች። በዚህ ሥራ እጇ ሸብቷል ብትል ውሸት አይሆንባትም።

ባሏ የኔሰው ልብስ ሰፊ ነው። የስፌት መኪናውን ከምግብ ቤቱ በረንዳ ላይ አስቀምጦ የተማሪ ዩኒፎርምና የገበሬ ቁምጣ ይሰፋል። ፓስታ ይወድ ነበር። መውደዱ ደግሞ ለጉድ ነበር፤ እንጀራ ቀርቦለት ፓስታ ካየ እንጀራውን ያስነሳል። ደንበኛ ፊት «እኔ ይችን ሴት ያገባኋት ለፓስታዋ ነው» ሲል እሷ በማማሰያው ትቃጣበትና ትስቃለች።

ከዚያ ውሃ ጥም ያዘው። ይጠጣል፣ አይረካም፤ ይበላል፣ ይከሳል። ጤና ጣቢያ ሄዶ ሲመረመር ስኳር አለብህ ተባለ። ክኒን ታዘዘለት፤ ነጭ ዳቦ፣ ሩዝና ፓስታ ቀንስ ተባለ። ወይንእሸት መቀነስ የሚባለውን አላወቀችበትም። ጨርሳ ከለከለችው።

የኔሰውም እሺ አለ። አጉረምርሞ አያውቅም። አንድ ቀን ግን የምሳ ግርግር አልፎ ወደ ጓዳ ስትገባ፣ ባሏን ከትልቁ ድስት ላይ ጎንበስ ብሎ ከታች የተጣበቀችውን ፓስታ በጣቱ እየፋቀ ሲበላ አገኘችው። የስድሳ ዓመት ሰው። ሲያያት ጣቱን በሱሪው ጠረገና «ድስቱን ላጥብልሽ ብዬ ነው» አላት። እሷም «እሺ፣ እጠበው» ብላ ወጣች። ሁለቱም ስለዚያ ነገር ዳግመኛ አላነሡም፤ እሷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ለደንበኛ ፓስታ ባወጣች ቁጥር በረንዳው በኩል ማየት አስጠላት።

ወይንእሸት ሞጣ ተወልዳ ነው ያደገችው። ለዘመድ ለቅሶ ወደዚያ በሄደች ጊዜ እንደ ልማዷ ዘይዳ ቤት ጎራ አለች። ዘይዳና እሷ በአንድ አጥር ያደጉ ናቸው፤ ዘይዳ ከአባቷ የወረሰችውን የዕቃ ሱቅ ይዛ ገበያው መሐል ትነግዳለች። እሷም ስኳር አለባት፤ ከየኔሰው ቀድማ የያዛት በመሆኑ መርፌ የምትወጋ ሆናለች። ስለ በሽታው ሲያወሩ ወይንእሸት የድስቱን ነገር ነገረቻት።

ዘይዳ ሰማቻትና ወደ መኝታ ቤት ገብታ አንድ የሞላ ፌስታል ይዛ ወጣች። በውስጡ ውሃ የቋጠሩ፣ ለስላሳ፣ ሲነኩ የሚንሸራተቱ ብዙ ፓኬቶች ነበሩ። በፓኬቱ ላይ የማታውቀው ጽሑፍና የነጭ ፓስታ ሥዕል አለ።

«ምንድን ነው?»

«ፓስታ ነው። ለስኳር በሽተኛ ተብሎ የሚሠራ ፓስታ። ልጄ ኢልሀም ናት ከዱባይ የላከችልኝ። ለየኔሰው ውሰጅለት።»

«አንቺስ ምን ልትበይ?»

«ኧረ እኔ ሞልቶኛል!» አለች ዘይዳ ፌስታሉን እጇ ላይ እየጫነች። «ስሙ ኮንጃክ ነው።»

«ኮኛክ?»

«አስተግፊሩላህ! በኔ ቤት ኮኛክ? ኮን-ጃክ ነው ያልኩሽ!»

ሁለቱም እስኪያለቅሱ ሳቁ። ወይንእሸት ዕቃውን ታቅፋ ወደ ቢቸና ስትመለስ፣ ለባሏ ወርቅ እንደ ገዛች ሴት ነበር ልቧ የሚመታው።

በማግሥቱ አንዱን ፓኬት በቢላ ከፈተችው። ውሃው እጇ ላይ ፈሰሰ፤ ሽታው አሣ አሣ አለ። ቀኑ ረቡዕ ስለነበር ደነገጠች። ፓስታ ነው ተባለ፣ ውሃ ውስጥ ይዋኛል፤ የዱቄት ነገር ነው ተባለ፣ አሣ ይሸታል። ጾም ይሁን ፍስክ የሚነግራት ሰው ስላጣች ከድና አሳደረችው።

ሐሙስ ምሳ ላይ እንደምታውቀው ውሃ አፍልታ፣ ጨው ጨምራ ከተተችው። ቆማ ጠበቀች። ውሃው አልነጣም። አረፋ አልወጣም። ክሩ አላበጠም፣ አልለሰለሰም፤ ሲገባ የነበረውን መስሎ ድስቱ ውስጥ ይሽከረከራል። ከሰል ጨመረችበት። ደንበኞቿ መጥተው በልተው ሄዱ፤ እሱ ያው ነው። በመጨረሻ አንድ ክር አውጥታ አኘከች። ጥርሷ ላይ እንደ ላስቲክ ነጠረ። ጣዕሙን ፈለገችው፤ አይጣፍጥም፣ አይመርም፣ አይጎመዝዝም። አፏ ውስጥ ምንም አልነበረም።

የኔሰው ግን በጉጉት ቀርቦ ስለነበር በስልስ ለውሳ ሰጠችው። ስልሱ ወደ ታች ወረደ፣ ክሩ ነጭ ሆኖ ቀረ። ጥቂት ጎረሰና ረዥም ጊዜ አኘከ።

«እንዴት ነው?» አለችው።

«እንጃ» አለ። «ስውጠውም አይታወቀኝም፣ ሳልውጠውም አይታወቀኝም።»

የተረፈውን ለጎረቤት ዶሮዎች ደፋችው። ዶሮዎቹ ሮጠው መጡ፣ ነጠቅ ነጠቅ አደረጉና ትተውት ሄዱ። ወይንእሸት የዶሮዎቹን ጀርባ እያየች ቆማ ቀረች።

ወዲያው ወደ ዘይዳ ደወለች። ዘይዳ ደግሞ ልጇ ጋ ደውላ መልሱን ይዛ ተመለሰች። «ስሚ፣ ይህ ነገር ከሥር ነው የሚሠራው። እንደ ጎደሬ ያለ ሥር። ጾም ነው፣ አትስጊ። የሚሸተው የተቀመጠበት የኖራ ውሃ ነው።»

«ግድግዳ የሚቀባው ኖራ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ወይንዬ፣ ልጂቱ ያለችኝን ነው የምነግርሽ። ደጋግመሽ እጠቢው። አትቀቅይው፤ አንዴ ፍላት ካየ ይበቃል። ከዚያ ዘይት ሳይነካው በደረቅ መጥበሻ ላይ አገላብጭው፣ ውሃው ጠፍቶ ጭው ጭው ማለት እስኪጀምር። ስልሱን ከዚያ በኋላ።»

«ፓስታ በደረቅ መጥበሻ!»

«ያው ፓስታ አይደለማ!»

«ፓስታ ነው አላልሽኝም?»

ዘይዳ ኔትወርኩን ሰበብ አድርጋ ስልኩን ዘጋችው።

ዓርብ ጠዋት የኔሰው ክኒኑን ዋጠ። ወይንእሸት ቁርስ ስታቀርብለት «ተይው፣ ዛሬ ለፓስታዬ ሆዴን ባዶ አድርጌ ልጠብቀው» አላት። እሷም ደስ አላት። ኮንጃኩን እንደተባለችው አጠበች፣ በደረቅ መጥበሻ ላይ አንጫጫችው፤ በሌላ ድስት ቲማቲም በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ወጥ አድርጋ አወፈረች። አሁን ስልሱ ያዘ። ሽታው ጠፋ። ክሩም በጥርስ ሲያዝ እንደ ፓስታ ባይሆንም የሚኘክ ነገር ሆነ። የኔሰው የሞላ ሳህን በላ። ደግሞ ጠየቀ፤ ሰጠችው። እንጀራ ልጨምርልህ ስትለው ሆዱን መታ መታ አድርጎ «የት ላስገባው?» አለና ወደ ስፌቱ ወጣ። ወይንእሸት ድስት ስታጥብ ሳታስበው ታንጎራጉር ነበር።

ከሰዓት በኋላ ውሃ ልትደፋ ወደ በረንዳው ወጣች። የኔሰው ቆሟል። የተማሪ ዩኒፎርም ሊሰፋበት የመጣለትን ሰማያዊ ጨርቅ ይዞ በመቀስ እየቆረጠ ነው፤ ግን ልኩን ትቶ በቀጭን በቀጭኑ ይተለትለዋል። ላቡ ከግንባሩ እየወረደ ጨርቁ ላይ ይንጠባጠባል።

«የኔሰው! ምን እያደረግህ ነው?»

ቀና ብሎ አያት። ያያት ግን እንደ ባዳ ነበር። «መኪናው አልመጣም እንዴ?» አላት።

«የምን መኪና?»

«እማዬ ትጠብቀኛለች» አለ፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። እናቱ ከሞቱ ስንት ዘመናቸው።

መቀሱን ልትቀበለው ስትል ገፈተራት። ይህ ሰው በትዳር ዘመናቸው እጁን አንስቶባት አያውቅም። በዚህ መሐል የባሏ ታናሽ ወንድም አንዷለም ያሰፋውን ሱሪ ሊወስድ ደረሰ። ወንድሙ ሲንገዳገድ አይቶ ደገፈው።

«እታለም፣ ጠጥቷል እንዴ?»

«ኧረ አልጠጣም! ኮንጃክ ነው የበላው!»

«ኮኛክ?» አለ አንዷለም ፊቱ ተለዋውጦ። «በስኳሩ ላይ ኮኛክ ሰጠሽው?»

«ኮንጃክ! ምግብ ነው!»

«የሚበላ ኮኛክ ደግሞ ከየት መጣ?»

ሰው ተሰበሰበ። ጎረቤቷ ማናለሽ «ይሄ የሰው ዓይን ነው፤ ከበላ በኋላ ያየው ሰው አለ፤ ጸበል ይወሰድ» አለች። አንዱ «ሎሚ አጠጡት» ይላል፤ ሌላው «አስተኙት፣ ይለቀዋል» ይላል። ወይንእሸት ማንን እንደምትሰማ ጠፋት። ስኳር ያለበት ሰው ሲታመም ስኳሩ ወጥቶ ነው ብላ ነው የምታውቀው፤ ዛሬ ደግሞ ስኳር የሌለው ምግብ ነው የሰጠችው። መርዝ ይሆን? ኖራው ይሆን? የኔሰው እግሩ ሲከዳው ግን ማሰቡን ተወችና ባጃጅ ጠራች።

ጤና ጣቢያ የተቀበላቸው ስጦታው የሚባል ወጣት ነርስ ነበር። «ምን ወሰደ?» አለ።

«ኮኛክ» አለ አንዷለም።

«ኮንጃክ!» አለች ወይንእሸት። «ፓስታ ነው። ማለት ፓስታ አይደለም። ሥር ነው...»

ስጦታው ምንም አልገባውም፤ ግን አልጠበቀም። የየኔሰውን ጣት ወግቶ ደሙን ለካ፣ ያየውንም ማመን አቅቶት ደግሞ ለካ። «ስኳሩ ወርዷል! በጣም ወርዷል!» ብሎ ወደ ውስጥ ጮኸ። ክንዱ ላይ መርፌ ሰክተው ግሉኮስ ለቀቁበት።

ወይንእሸት ጥግ ላይ ቆማ ታያለች። ስኳር እንዳይነካ የለፋችበት ባሏ ደም ሥሩ ውስጥ ስኳር እየገባለት ነው፤ እሱም እየዳነ ነው። ብዙም ሳይቆይ ላቡ ደረቀ፣ ዓይኑ ተመለሰ። ዙሪያውን አየና «ወይንዬ፣ እዚህ ምን እንሠራለን?» አላት። ያን ጊዜ ነው አልቅሳ የወጣላት።

ስጦታው ነገሩ ከነከነው። «እትዬ፣ ፓስታ ስኳር ከፍ ያደርጋል እንጂ አያወርድም። እስቲ ከጠዋት ጀምረው ይንገሩኝ።»

ነገረችው፤ ክኒኑን፣ የቀረውን ቁርስ፣ የዶሮዎቹን ጉዳይ ሳይቀር። ስጦታው ተረኛዋን ሐኪም ጠራት፤ ሐኪሟም ኮንጃክ የሚባል ነገር ሰምታ ስለማታውቅ ስልኳን አውጥታ ልትፈልገው ሞከረች፤ ኔትወርክ የለም። ተነጋገሩ፤ ደግመው ጠየቋት። ጥቂት ከቆዩ በኋላ ሐኪሟ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እናቴ፣ የሰጡት ነገር መርዝ አይደለም። እንደሚሉት ከሆነ ሆድ ይሞላል እንጂ ወደ ደም የሚገባ ኃይል የለውም። ክኒኑ ግን ሥራውን አይተውም፤ የበላ መስሎት ስኳሩን ማውረዱን ይቀጥላል። ሆዱ ጠግቦ ደሙ ተርቧል ማለት ነው።»

«ሁለት ሳህን በልቶ?»

«ሁለት ሳህን በልቶ።»

ወይንእሸት ይህን ለመቀበል ከበዳት። ዕድሜዋን በሙሉ ሰው ስታጠግብ የኖረች ሴት ናት። በልቶ የሚራብ ሰው አይታ አታውቅም።

ክኒኑ ከሰውነቱ እስኪወጣ እንዲያድር ተደረገ። አጠገቡ ተቀምጣ ሳለ ድንገት ዘይዳ ትዝ አለቻት። ዘይዳ መርፌ ነው የምትወጋው! ያ ሁሉ ፓኬት! ብቻዋን ነው ቤት ውስጥ የምትኖረው! ስልኳን አውጥታ ደወለች፤ አይሠራም። ከአንዷለም ስልክ ደወለች፤ ያም አይሠራም። ከተማው በሙሉ ኔትወርክ ጠፍቶበታል።

ሲነጋ ባሏን ለአንዷለም አደራ ሰጥታ ወደ ሞጣ በምትወጣው የመጀመሪያዋ ሚኒባስ ተሳፈረች። መንገዱ ያን ቀን ክፍት መሆኑም ተመስገን ነው። በደብረ ወርቅ አልፈው፣ ጉንደ ወይን ሰው ሲወርድና ሲወጣ እሷ የምታየው ዘይዳ ወለል ላይ ወድቃ ነው። አጠገቧ የተቀመጡት ሽማግሌ «ልጄ፣ ለቅሶ ነው?» ብለው ጠየቋት። «አላወቅሁም አባቴ» አለቻቸው።

ሞጣ ስትደርስ የዘይዳ ሱቅ ተዘግቷል። ጎረቤት ነጋዴው አብዱራዛቅ «ዛሬ አልወጣችም፤ ምን እንዳገኛት እኛም አላወቅንም» አላት። ወይንእሸት ነጠላዋን ሰብስባ እስከ ቤቷ ሮጠች፤ በሩንም በሁለት እጇ ደበደበችው።

ዘይዳ ከፈተች። እጇ እስከ ክርኗ ሳሙና ነው፤ ምንጣፍ ስታጥብ ነበር።

«ወይንዬ! ምን ሆንሽ? ማን ሞተ?»

«በልተሻል?» አለች ወይንእሸት ትከሻዋን ይዛ። «ያንን ነገር በልተሻል?»

«የቱን?»

«ኮንጃኩን!»

ዘይዳ ወደ ግራ አየች፣ ወደ ቀኝ አየች። «እኔ?» አለች። «እኔማ በልቼውም አላውቅ።»

ነገሩ ቀስ እያለ ወጣ። ኢልሀም የመጀመሪያዎቹን ፓኬቶች ስትልክ ዘይዳ አንድ ጉርሻ ቀምሳ ተፋችው። ልጅ ባሕር ማዶ ለፍታ የላከችውን ተፋሁት እንዴት ይባላል? «ይጣፍጣል» አለቻት። ልጅቱም ደስ ብሏት ደግማ ላከች፣ ሠልሳ ላከች። ፓኬቱ አልጋ ሥር ተከማቸ። ወይንእሸት የድስቱን ታሪክ ስትነግራት ጊዜ ሁለት ነገር አብሮ ታያት፤ ለየኔሰው ማዘኗም እውነት ነው፣ መገላገሏም እውነት ነው።

ወይንእሸት የሆነውን ሁሉ ነገረቻት። ዘይዳ እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች፤ የሳሙናው አረፋ አገጯ ላይ ተንጠለጠለ። ወይንእሸት ልትቆጣት ነበር፤ እንዲያውም «ባሌን ልትገድይብኝ!» ብላ ጀምራ ነበር። ግን አንድ ሌሊት ሙሉ ሞታብኛለች ብላ ያሰበቻት ሴት ቆማ ታለቅሳለች፤ ቁጣው ከየት ይምጣ? ደስታም ነው፣ ንዴትም ነው፤ የትኛው እንደሆነ ሳታውቅ አቅፋት አብራት አለቀሰች።

ዘይዳ ምንጣፏን እንደ ራሰ ጥላ አብራት ቢቸና ወረደች። የኔሰው ከጤና ጣቢያ ወጥቶ ቤት ደርሶ ነበር። ይቅርታ ልትጠይቀው አልጋው አጠገብ ስትቀመጥ አላስጨረሳትም።

«ዘይዳ፣ ከዚያ ነገር ቀርቷል?»

«የኔሰው! አንተ ሰው አላህን ፍራ!»

«የሁለተኛው ቀን እኮ ጥሩ ነበር» አለ።

ወይንእሸት ሰምታ ከጓዳ መጣች፤ ተቆጣች፤ በቤቴ ዳግመኛ አይገባም አለች። እሱም እንደዚያ ጊዜው «እሺ» አለ፣ ፊቱንም ወደ ግድግዳ አዞረ። ያ ነው ያሸነፋት። በቀጠሮው ቀን ባልና ሚስቱ አብረው ሐኪሟ ዘንድ ሄዱ። ሐኪሟም እስከዚያ ድረስ ስለ ነገሩ አንብባ ቆይታ ነበር። የክኒኑን መጠን ለወጠችለት። ቁርስ እንዳይዘል፣ ኮንጃክ ሲበላ አብሮ ምስርም ባቄላም ትንሽ እንጀራም እንዲበላ፣ የእጅ መንቀጥቀጥና ላብ ከጀመረው ወዲያው ጣፋጭ እንዲጠጣ ነገረችው። ፓስታም ቢሆን ጨርሶ አልተከለከለም ነበር፤ አልፎ አልፎ ጭልፋ የምታህል ቢበላ አይጎዳውም አለችው። የኔሰው ይህን ሲሰማ ሚስቱን ዞር ብሎ አያት። ወይንእሸት መሬት መሬት አየች።

ዘይዳ ለልጇ እውነቱን ለመናገር ብዙ አመነታች። በመጨረሻ ስትነግራት ኢልሀም ሳቀችና «እማ፣ እኔም እኮ ቀምሼው አልወደድሁትም፤ አንቺ ስለወደድሽው ነው የምገዛው» አለቻት።

አሁን የኔሰው አልፎ አልፎ ኮንጃኩን ከምስር ጋር ይበላል፤ አልፎ አልፎ ደግሞ እውነተኛውን ፓስታ በትንሽ ሳህን ይበላል። ወይንእሸት ሁለቱንም ትሠራለች። በኮንጃኩ ቀን ግን እጇ አይፈታላትም። ደጋግማ ታጥበዋለች፣ መጥበሻው ላይ እያገላበጠች ድምፁን ታዳምጣለች፤ በቃኝ የሚልበት ጊዜ መቼ እንደሆነ ዛሬም እርግጠኛ አይደለችም። ሾፌሮች ድምፁ ገርሟቸው «ወይንዬ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ሲሏት ማማሰያዋን እንደያዘች ትንሽ ታስባለች።

«የየኔሰው ምሳ ነው» ትላቸዋለች።